ካሜራው ከሄደ በኋላ



አብዛኞቻችሁ ኑሯችሁ እዚህ አውሮፓ ነው። ልጆቻችሁ ከ«ሃሪ ፖተር» ጋር አድገዋል፤ እናንተም «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ የተከታተላችሁ አትጠፉም። የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲቃረብ «ያ ቤተ መንግሥት የት ነው? ያ ድልድይ እውነት አለ?» የሚል ጥያቄ በየቤቱ ቢነሳ አይደንቅም። ይህን ምኞት ልነቅፍ አልቆምኩም። ታሪክ የሰማ ሰው ታሪኩ የሆነበትን ቦታ በእግሩ መርገጥ ይወዳል፤ ከጥንትም እንዲህ ነበር። የሚያሳስበኝ እንዴት እንደምንሄድና ከደረስን በኋላ ምን እንደምናደርግ ነው።

ምናባዊ ፊልም ሲቀረጽ ካሜራው ነዋሪውን ከቦታው ላይ ያነሳዋል። የመብራት ምሰሶው፣ የልብስ ማስጫው፣ የበጎቹ አጥር፣ ደጃፉ ላይ የተቀመጡት አዛውንት ሁሉ ከምስሉ ይወጡና ተራራው የማንም ያልሆነ፣ ገና ትናንት የተፈጠረ ይመስላል። ያንን ምስል በልባችን ይዘን ስንሄድ ሰውም ወፍም ዛፍም ፎቶግራፋችንን የሚያበላሽ ባዕድ ሆኖ ይታየናል። ባዕዱ ግን እኛ ነን። በእነዚህ ቦታዎች ላይ የምናደርሰው ጉዳት ሁሉ መነሻው ይህ መገለባበጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ቦታዎቹ «ዛሬ አይቻልም»፣ «ከዚህ አትለፉ»፣ «መኪናችሁን እዚያ አቁሙ» ሲሉን መከፋት የለብንም የምለውም ስለዚህ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ስንገባ ጫማችንን እናወልቃለን፤ በዚህ ነጻነቴ ተነካ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ስለ ገደብ የማወራው በዚሁ መንፈስ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ከአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ፣ ከኬሪ አውራጃ ዳርቻ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ገባ ሲሉ አንድ ሹል ዐለት ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከፍታው 218 ሜትር ነው። ስኬሊግ ማይክል ይባላል፤ በመልአኩ በቅዱስ ሚካኤል ስም የተሰየመ ደሴት ነው። «ስታር ዋርስ»ን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። በ2015 ለዕይታ በበቃው ፊልም መጨረሻ ላይ ወጣቷ ሬይ የድንጋይ ደረጃ ወጥታ ወጥታ የተሰወረውን ሉክ ስካይዎከርን የምታገኘው እዚያ ነው። በ2017 የመጣው ተከታይ ፊልምም ወደዚያው ተመልሷል።

አሁን ፊልሙን ለጊዜው እንተወው። ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መነኮሳት ወደዚህ ዐለት መጡ። ጭቃም ኖራም ሳይነካቸው ደረቅ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደሩ የንብ ቀፎ የሚመስሉ ክፍሎችን አነጹ። ዝናቡን በጉድጓድ አጠራቅመው ጠጡ። ከማረፊያው እስከ ገዳማቸው ድረስ ከ600 በላይ ደረጃዎችን አበጁ። ቫይኪንጎች በመርከብ መጥተው ዘረፏቸው፤ እነሱ ግን ለብዙ ትውልድ አልለቀቁም። ወደ ዋናው ምድር የተሻገሩት ከአሥራ ሁለተኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ ነው። ቤቶቻቸው የአትላንቲክን ማዕበልና ነፋስ ችለው እስከ ዛሬ ቆመዋል። የአየርላንድ መነኮሳት አርአያ ያደረጉት የግብፅን የበረሃ አባቶች፣ እነ አባ እንጦንስን ነው። የኢትዮጵያ ምንኩስናም የተቀዳው ከዚያው ምንጭ ስለሆነ፣ ገዳሞቻችን በአምባ አናትና በሐይቅ መካከል ለምን እንደተተከሉ የሚያውቅ ሰው ስኬሊግን ሲያይ ማብራሪያ አያሻውም። ከእኛ ወገን የሆነ ጎብኚ እዚያ ሲደርስ የሉክ ስካይዎከርን መሸሸጊያ ብቻ አይቶ ቢመለስ በጣም የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው።

ዩኔስኮ ስኬሊግን በ1996 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ደሴቱ ላይ ለመውረድ የተፈቀደው በቀን ለ180 ሰው ገደማ ብቻ ነው፤ ፈቃድ ያላቸው ጀልባዎች ጥቂት ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም ከ12 ሰው በላይ አይጭኑም። ወቅቱ ከሜይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። ያም ሆኖ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ባሕሩ ነው። ማዕበሉ ከፍ ካለ ቲኬት የያዘም ያልያዘም እኩል ከወደብ ይመለሳል። ላይ መጸዳጃ የለም፣ መጠለያ የለም፣ ደረጃው መደገፊያ የለውም፤ ወድቀው የሞቱ ጎብኚዎችም አሉ።

ከዚህ ደሴት ታሪክ በጣም የምወደው የወፎቹን ነው። ፓፊን የሚባሉ፣ መንቁራቸው በቀይና በቢጫ ያጌጠ የባሕር ወፎች በየዓመቱ እዚያ ይራባሉ። የፊልሙ ሠራተኞች ሲመጡ የወፍ ተቆርቋሪዎች አጥብቀው ተቃወሙ፤ መቃወማቸውም ትክክል ነበር። ወፎቹ በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ ማባረር አይቻልም፤ በየምስሉ ውስጥ ደግሞ እየገቡ ይታያሉ። የሁለተኛው ፊልም አዘጋጅ ራያን ጆንሰንና ባልደረቦቹ መላ ዘየዱ፤ ፖርግ የሚባል ትልልቅ ዐይን ያለው ፍጥረት ፈጥረው በፓፊኖቹ ቦታ አስገቡት። ልጆች የሚያቅፉት የፖርግ አሻንጉሊት የተወለደው ወፍ ማባረር ስለተከለከለ ነው። የመነኮሳቱንም መንደር በዲንግል ልሳነ ምድር ላይ አስመስለው ሠርተው ከሁለተኛው ፊልም የደሴቱን ትዕይንቶች በከፊል እዚያ ቀረጹ። ገደቡ ፊልሙን አላደኸየውም።

ስለዚህ ስኬሊግን እንዴት እንይ? እኔ ብጠየቅ ደሴቱን ዙሪያውን በምትዞር ጀልባ መሄድን እመርጣለሁ። የምትዞረው ጀልባ ጎረቤቱን ደሴት፣ ትንሹን ስኬሊግንም፣ ታሳያለች፤ እዚያ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ጋኔት የሚባሉ ነጫጭ ወፎች ዐለቱን በረዶ የወረደበት አስመስለውታል። ለእኔ ከፊልሙ ይበልጣል። መውረድ የግድ የሚላችሁ ደግሞ ቲኬቱን ከወራት በፊት ያዙ፣ ኬሪ ውስጥ ሁለት ሦስት ተጨማሪ ቀናት ይኑራችሁ፣ ባሕሩ እምቢ ካለ የጀልባውን ሰው አትነዝንዙት።

ወደ ሰሜን አየርላንድ እንሂድ። ዳርክ ሄጅስ የሚባለው መንገድ ግራና ቀኙ በቢች ዛፎች የታጀበ ነው። የዛፎቹ ቅርንጫፎች ከላይ ተያይዘው ዋሻ ሠርተዋል። የተከሉት ስቱዋርት የሚባሉ ቤተሰቦች ናቸው፤ በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት፣ ወደ መኖሪያቸው የሚወስደውን መንገድ ለማሳመር። ከ150 ያህል ዛፎች ዛሬ የቀሩት በጣም አንሰዋል። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በሁለተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ፣ አርያ ስታርክ እንደ ወንድ ልጅ ሆና በጋሪ ስትሸሽ፣ ይህን መንገድ ለአጭር ጊዜ አሳየው። ከዚያ በኋላ መኪናና አውቶቡስ ጎረፈ።

የቢች ዛፍ ሥር ከመሬት ወለል ብዙም አይርቅም። መኪና በላዩ ሲቆምና ሲመላለስ አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ አየርና ውሃ ወደ ሥሩ መድረስ ይሳነዋል። ዛፎቹ ደግሞ አርጅተዋል፤ ቢች በተለምዶ ከሚኖረው ዕድሜ በላይ ኖረዋል። በ2016 መጀመሪያ ገርትሩድ የተባለው ማዕበል ሁለቱን ጣላቸው። ከወደቁት ግንድ አሥር በሮች ተጠርበው፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ከፊልሙ ታሪክ ተቀርጾባቸው፣ በክፍለ ሀገሩ በሚገኙ መጠጥ ቤቶችና ማረፊያዎች ተተከሉ። ይህ ብልህ ሐሳብ ነበር። አንድ መንገድ ላይ ይከማች የነበረው ጎብኚ ወደ ትንንሽ ከተሞች ተበተነ፤ ገንዘቡም አብሮ ተበተነ። በ2017 መጨረሻ መንገዱ ለመኪና ተዘጋ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ለሰው አደገኛ ሆነዋል የተባሉ ጥቂት ዛፎች እንዲቆረጡ ተደረገ። እገዳው ቢኖርም አንዳንድ ሰው ዛሬም መኪናውን ይዞ ይገባል። ለአንድ ፎቶግራፍ ብሎ ነው።

ጥፋት ሁልጊዜ ከክፋት አይመጣም። በዌልስ ፍሬሽዋተር ዌስት የተባለ ሰፊ የባሕር ዳርቻ አለ። የ«ሃሪ ፖተር»ን ሰባተኛ ታሪክ ያያችሁ፣ ዶቢ የተባለው ታማኝ የቤት አገልጋይ የተቀበረበት ቦታ ነው። ዶቢ ነጻ የወጣው ካልሲ ተሰጥቶት ስለሆነ፣ ወዳጆቹ ከዓለም ዙሪያ እየመጡ «መቃብሩ» ላይ ካልሲ ይተዋሉ፤ ቀለም የተቀባ ጠጠርም ያስቀምጣሉ። ከፍቅር ነው። ነገር ግን ነፋስ ካልሲውን ወደ ባሕር ይወስደዋል፣ ከጠጠሩ የሚላጠው ቀለም ከውሃው ጋር ይቀላቀልና የባሕር እንስሳት ምግብ ውስጥ ይገባል። ቦታውን የሚያስተዳድረው ናሽናል ትረስት ጉዳዩን ሕዝብ አወያይቶበት በ2022 መታሰቢያው እንዲቆይ ወሰነ፤ ጎብኚዎች ግን ምንም ነገር እንዳይተዉ ለመነ። ልጆች ያላችሁ እባካችሁ ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ንገሯቸው። ልጅ ምክንያቱ ሲነገረው ይገባዋል፤ ካልሲውን በቦርሳው ይዞ ከደረሰ በኋላ መከልከል ግን ለሁላችሁም መከራ ነው።

አሁን ከሁሉም የከበደውን ላንሳ። ዱብሮቭኒክ በክሮኤሽያ፣ በአድርያቲክ ባሕር ዳር፣ በግንብ የተከበበች ከተማ ናት። ዩኔስኮ በ1979 መዘገባት። በ1991 በክሮኤሽያ የነጻነት ጦርነት ተከበበች፤ ዲሴምበር 6 ቀን የወረደባት የመድፍ ናዳ ጣራዎቿን አነደደ። ከዚያ አገግማ ጣራዎቿን በቀይ ሸክላ መልሳ ለበሰች። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ የነገሥታቱን መናገሻ፣ ኪንግስ ላንዲንግን፣ በዚህች ከተማ ቀረጸ። ሰርሴ ንግሥቲቱ ራቁቷን በሕዝብ ፊት እንድትሄድ የተፈረደባት ትዕይንት የጀመረበት የኢየሱሳውያን ደረጃ፣ ዛሬ ያንኑ ትዕይንት እየጮኸ በሚደግም ጎብኚ ተጨናንቋል። ከደረጃው ራስ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሰዎች ይጸልዩበታል።

ከጦርነቱ በፊት በግንቡ ውስጥ 5,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር። ዛሬ ወደ 1,500 ገደማ ወርዷል። መድፍ ያላስለቀቃቸውን ሰዎች የቤት ኪራይ አስለቀቃቸው። መኖሪያ ቤት ለጎብኚ በቀን ሲከራይ ለቤተሰብ የሚከራይ ቤት ይጠፋል፤ ዳቦ ቤቱ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ይሆናል፤ ልጆች ከሌሉ ትምህርት ቤቱ ምን ይሠራል? ይህን ሁሉ ፊልሙ ብቻውን አላመጣውም፤ የመዝናኛ መርከቦቹ ቀድመውት ነበር። ፊልሙ የባሰ አደረገው። ዩኔስኮ በአንድ ጊዜ በአሮጌዋ ከተማ ውስጥ ከ8,000 ሰው በላይ እንዳይኖር መከረ። ከተማዋ በ2017 «ከተማዋን አክብሩ» የሚል ዕቅድ አወጣች፤ በየበሩ ሰው የሚቆጥሩ ካሜራዎች ተተከሉ፤ የመዝናኛ መርከቦች በአንድ ጊዜ ከሁለት እንዳይበልጡ ተስማማች። ጎማ ያለው ሻንጣ በድንጋዩ ንጣፍ ላይ እየተጎተተ ነዋሪውን እንዳያስነሳም ጎብኚዎችን ትጠይቃለች።

በመርከብ መጥቶ ለአራት ሰዓት ከተማዋን ረግጦ ምሳውን መርከቡ ላይ የሚበላ ጎብኚ ለነዋሪው ግፊያውን ብቻ ነው የሚተውለት። የምትሄዱ ከሆነ እደሩ። ሦስት ሌሊት፣ አራት ሌሊት እደሩ፤ በሆቴል ወይም ባለቤቱ አብሮ በሚኖርበት እንግዳ ማረፊያ። ጁላይና ኦገስትን ተዉት፤ በኖቬምበር ወይም በማርች ግንቡ ያው ግንብ ነው። ልጅ ያላችሁ እናት «ትምህርት ቤትስ?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ የፋሲካን ዕረፍት እጠቁማለሁ። ከተማዋ የባቡር መስመር የላትም፤ ከዛግሬብ እስከ ስፕሊት በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ይደረሳል። ከጣሊያኗ ባሪም በወቅቱ ሌሊቱን የምትጓዝ መርከብ አለች።

በዚህ አጋጣሚ ስለ መንገዱ ልናገር፤ በቦታው የምናሳየው ጥንቃቄ ሁሉ በአየር ላይ ሊባክን ይችላልና። አውሮፕላን በየደቂቃው ከፍተኛውን ነዳጅ የሚያቃጥለው ሲነሳና ከፍታ ሲይዝ ነው፤ ስለዚህ አጭር በረራ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከረጅሙ የባሰ በካይ ነው። ለንደን ያላችሁ ከዩስተን ጣቢያ በባቡር ሆሊሄድ፣ ከዚያ በመርከብ ደብሊን መግባት ትችላላችሁ፤ ባቡሩንና መርከቡን በአንድ ቲኬት ይሸጡላችኋል። ከደብሊን ወደ ቤልፋስትም ወደ ኬሪም ባቡር አለ።

በስኮትላንድ የሆግዋርትስ ባቡር የሚያልፍበት የግሌንፊናን ድልድይ ደግሞ ለባቡር ጉዞ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ባለ 21 ቅስት፣ በ1901 የተከፈተ፣ በኮንክሪት የተሠራ ድልድይ ነው። ብዙ ሰው በመኪና መጥቶ ከታች ተጨናንቆ በከሰል የሚሄደውን የቱሪስት ባቡር ይጠብቃል፤ ሐዲዱ ላይ የሚወጣ ደፋርም አይጠፋም። ከለንደን ማታ ተነስቶ ጠዋት ፎርት ዊልያም የሚያደርስ የመኝታ ባቡር አለ። ከፎርት ዊልያም ወደ ማሌግ የሚሄደው ተራው የሕዝብ ባቡር የሚያልፈው በዚሁ ድልድይ ላይ ነው፤ ግሌንፊናን ላይም ይቆማል። ዋጋው ያነሰ ነው፣ ሃሪ ያየውን ሐይቅና ተራራ በመስኮቱ ያሳያል። ከጣቢያው እስከ ማያው ኮረብታ የእግር መንገድ አለ። ልጆቹን ይህን አስጉዟቸው።

ኒውዚላንድን በተመለከተ ግን ማባበል አልችልም። «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የተቀረጸበት አገር ከለንደን ከ18,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ እዚያ ደርሶ ምንም ያህል በብስክሌት ቢዞሩ በረራው ያደረሰውን አያካክስም። የሚሄድ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ ለረጅም ጊዜ፣ ሌላ የሚያገናኘው ጉዳይ ካለ ከዚያ ጋር አጣምሮ ይሂድ። ሳምንት ቆይቶ ለመመለስ መሄድ ልክ አይመስለኝም። ይህን የምለው ቦታው ስለማይገባው አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉ ይበልጥ ትምህርት ያገኘሁት ከዚያ ነው።

በፊልሙ የሞት ተራራ፣ ማውንት ዱም፣ ሆኖ የሚታየው ንጋውሩሆይ የተባለው 2,287 ሜትር እሳተ ገሞራ ነው። የሚገኘው በቶንጋሪሮ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ለማኦሪ ሕዝብ፣ በተለይም ለንጋቲ ቱፋሬቶአ ጎሳ፣ እነዚህ ተራሮች የዘር ሐረጋቸው አባቶች ናቸው። በ1887 የጎሳው አለቃ ሆሮኑኩ ተ ሄውሄው ቱኪኖ፣ መሬቱ እየተሸነሸነ እንዳይሸጥ ሲል፣ ጫፎቹን ለአገሪቱ ሁሉ በስጦታ አስረከበ፤ ከዚያ ስጦታ የኒውዚላንድ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተወለደ። ዩኔስኮ በ1990 ስለ ተፈጥሮው፣ በ1993 ደግሞ ስለ ባህሉ መዘገበው። የፒተር ጃክሰን ቡድን የንጋውሩሆይን አናት አልቀረጸም፤ የተራራውን ገጽታ በሌላ ቦታና በኮምፒውተር አሟላው። ከፊልሙ በኋላ የመጣው ጎብኚ ግን አናቱ ላይ መውጣት ያዘ። ዛሬ የፓርኩ አስተዳደር ወደ ጫፍ የሚያመለክቱ ምልክቶችን አንስቷል፤ ጎብኚዎች እንዳይወጡም ይጠይቃል። ይጠይቃል እንጂ አጥር አላቆመም። የጎብኚው ማንነት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ከታች ያለውን 19 ኪሎ ሜትር ገደማ የእግር መንገድ ሄዶ አናቱን ቀና ብሎ አይቶ የሚያልፍ አለ፣ ማንም አላየኝም ብሎ የሚወጣም አለ።

እስካሁን ሸክሙን ሁሉ በእናንተ ላይ ጫንኩ፤ የፊልም ሠሪዎቹ ድርሻ ይቀራል። በዚያው ኒውዚላንድ ማውንት ሰንዴይ በተባለ ኮረብታ ላይ የ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የሮሃን ሰዎች ከተማ፣ ኤዶራስ፣ ወራት ፈጅቶ ተሠራ፤ ቀረጻው ሲያልቅ አንድም ነገር ሳይቀር ተነቅሎ ተነሳ። ዛሬ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ሣርና ነፋስ ነው። በተቃራኒው በታይላንድ ማያ ቤይ፣ በ2000 ለወጣው፣ ምናባዊ ላልሆነው «ዘ ቢች» ፊልም ሲባል የአሸዋው ክምር ተደልድሎ የኮኮናት ዘንባባ ተተከለበት። በዚህ የተነሳው ክስ እስከ 2022 ድረስ ታይላንድ ፍርድ ቤቶች ውስጥ ቆየ። ከዚያ የጎብኚ ጀልባዎች መልሕቅ ኮራሉን ሰባበረው፤ መንግሥት በ2018 የባሕር ወሽመጡን ዘጋ። በ2022 መጀመሪያ ሲከፈት የክንፋቸው ጫፍ የጠቆረ ሻርኮች ተመልሰው ነበር። አሁን ጀልባ በኋላ በኩል ይቆማል፣ መዋኘት ክልክል ነው።

ስለዚህ የምትወዱት ፊልም ሲወጣ ከኮከቦቹ ቃለ መጠይቅ በተጨማሪ አንድ ነገር ጠይቁ፤ የት ተቀረጸ፣ ሲጨርሱስ ምን ትተው ሄዱ? ስቱዲዮዎቹ ለተመልካች ድምፅ ጆሯቸው ቀጭን ነው። ሰሚ የሚያጡት ቀፎ ቤት የሠሩት መነኮሳት፣ ፓፊኖቹና የዱብሮቭኒክ ኪራይ ከፋዮች ናቸው።

ስለ ስኬሊግ ጀልባዎች፣ ስለ መኝታ ባቡሩና ስለ መርከብ ቲኬቱ ዝርዝር የሚፈልግ ካለ አሁን እጁን ያውጣ፤ ከጥያቄዎቹ እንጀምር።